አባዬ እየጻፈ ነው

ዕቃ የምሸጠው በስልክ ነው። ሱቅ የለኝም። አዳማ ውስጥ ቤት የሚለቅ፣ በሥራ ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወር ወይም ከትዳሩ የሚወጣ ሰው ሶፋና አልጋውን ለእኔ ይነግረኛል፤ እኔ ፎቶ አንስቼ ቻናሌ ላይ እለጥፋለሁ፣ ከተሸጠ ኮሚሽኔን እወስዳለሁ። የሰፈር ሰው "ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተደፍታ የምትውል ሥራ ፈት" ይለኛል። ይበለኝ። እንደ እኔ የሚጨቀጨቅ ሥራ ፈት ግን እስካሁን አላየሁም።

በዚህ ሥራ የሚያስፈራው ዋጋ የሚያራክስ ገዢ አይደለም። እሱን ተጨቃጭቄ እሸኘዋለሁ። የሚያስፈራው ታሪክ የሌለው ገዢ ነው፤ ፎቶ የሌለው፣ በስሙ ቦታ አንድ ነጥብ ብቻ ያስቀመጠ፣ አካውንቱን ትናንት የከፈተ፣ ለማንም ሸጦ ከማንም ገዝቶ የማያውቅ። እንዲህ ያለው ሰው አይከራከርም። ዋጋ ስትነግሪው "እሺ" ይላል። በእኛ አገር የመጀመሪያውን ዋጋ እሺ የሚል ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ ሌባ፤ ሞኝ ደግሞ አሁን አሁን ጠፍቷል።

እዚህ ከተማና በአካባቢው በስልክ የምንሸጥ ሴቶች የራሳችን ግሩፕ አለን። ሕጎቻችንን ያወጣናቸው ተቀምጠን አስበን ሳይሆን አንድ በአንድ ተሰርቀን ነው። ቤትሽን ለገዢ አታሳይም። መጀመሪያ ሰውየውን በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ታያለሽ፤ ዕቃው ከዚያ በኋላ ነው። "ልኬልሻለሁ" የሚል የባንክ መልእክት ገንዘብ አይደለም፤ የራስሽን አካውንት ከፍተሽ ካላየሽ አልተከፈለሽም። አካውንቱ አዲስ ከሆነ "ማን ያውቅሃል?" ብለሽ ዋስ ታስጠሪዋለሽ። ያጭበረበረ ሰው ቁጥሩ በዚያው ቀን ግሩፑ ላይ ይወጣል፣ ሌባ ነው ተብሎ። አንዴ የወጣ ቁጥር ከአዳማ እስከ ባቱ የሚሸጥለት አያገኝም። የግሩፑ አለቃ ቦንዳ ልብስ የምትሸጥ ጓደኛዬ ናት፤ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ያመላልስ ነበር። ጭነት እንደያዘ ከተማችንን በጎን አልፏት ይሄዳል፤ ወደ ቤት የሚመለሰው ሞጆ አራግፎ ነው። ሲጨርስ ለእናቴ ይደውላል። "ሞጆ ነኝ፤ መጣሁ" ይላል፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር ይዘጋል። ሾፌር ቤት ያደገ ሁሉ ይህችን ስልክ ያውቃታል። እናቴ የያዘችውን ጥላ የግቢውን የብረት በር ሁለቱንም ክንፍ ወለል አድርጋ ትከፍትና ነፋሱ እንዳይመልሰው በድንጋይ ታስደግፈዋለች። ሾፌር ቤቱ ደርሶ በር ማንኳኳት የለበትም፣ ለሚቀጥለው መንገድ አይበጀውም ትል ነበር። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ሌላ ጊዜ ለጥንቆላም ለገድም ቦታ የላትም፤ ጡረታ የወጣች የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት፣ የፊደል ስህተት ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም።

አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሞተ። መንገዱ ሳይበላው፣ በስኳር በሽታ፣ በገዛ አልጋው ላይ። ስልኩን መሙላት ተውን፤ ቁጥሩም ውሎ አድሮ ተዘጋ። ከስልኬ ላይ ግን አላጠፋሁትም። ማን ያጠፋል? "አባዬ" እንዳለ ተቀመጠ። እናቴም አላጠፋችውም። በእሷ ስልክ ላይ ቁጥሩ ከፎቶው ጋር ነው፤ ሶደሬ ፍል ውሃው ዳር ቆሞ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ በእንፋሎቱ መሃል ዓይኑን ጨፍኖ ሲስቅ። እሱ በደወለ ቁጥር ያ ፊት ስክሪኑን ይሞላው ነበር።

አንድ የግንቦት ቀትር ላይ በረንዳ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ፀሐይዋን አገርጥቷት ነበር፤ አዳማን የሚያውቅ ያንን ቀለም ያውቀዋል። ስክሪኑን ጠርጌ አየሁት። "አባዬ ተቀላቅሏል" ይላል።

ምክንያቱን አውቃለሁ። ሳይሞላ የቆየ ቁጥር ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ ያ ሌላ ሰው አካውንት ሲከፍትበት በእኔ ስልክ ላይ በአባቴ ስም ይመጣል። አንድም ተአምር የለበትም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ስልኩን በፊቱ ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት፤ ለተወሰነ ጊዜም ልነካው አልፈለግሁም።

ሳነሳው መልእክት ገብቷል። "አለ?" ይላል።

ገዢ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጀምረው፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ "አለ?" ብቻ። የሚጠይቀው ያን ሳምንት ስለለጠፍኩት ፍሪጅ ነው። ፍሪጁ የራሳችን ነበር፤ አባቴ በደጉ ዘመኑ ከጅቡቲ መንገድ የጫነው፣ ቁመቱ የሚያህለኝ። ለሁለት ሴቶች ግማሽ ኪሎ ሥጋ ይህን ሁሉ መብራት ምን ያስበላናል ብዬ፣ እናቴን ለምኜ ነው ለሽያጭ ያወጣሁት። አሁን አባቴ ስለ ፍሪጁ እየጠየቀኝ ነው።

"አለ" ብዬ መለስኩ።

"አባዬ እየጻፈ ነው" አለ ስልኩ። ይህች መስመር ትመጣለች፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ትመጣለች። አባቴ በሕይወት እያለ መጻፍ አይወድም ነበር፤ ጣቱ ወፍራም ስለነበረ ሁለት ፊደል አንድ ላይ ይነካል። እንዲህ ስትበራና ስትጠፋ አይቼያት የማላውቃት መስመር ስለነበረች ነው መሰለኝ፣ ዓይኔን ከእሷ ላይ ልነቅል አልቻልኩም።

"ዋጋው እሺ" አለ። "ባቱ ዓሣ ቤት ልከፍት ነው። የቤትሽን አድራሻ ላኪልኝ።"

ቤት አላሳይም አልኩት። "ማን ያውቅሃል?" ብዬም ጠየቅሁት፤ በሕጋችን መሠረት። ጽፌ ከላክሁት በኋላ ነው ያየሁት። ከላይ "አባዬ"፣ ከሥሩ "ማን ያውቅሃል?" የሚለው ጥያቄዬ።

"ማንም አያውቀኝም" ብሎ መለሰ። "ለአገሩ አዲስ ነኝ።"

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። በእሷ ስልክ ላይ ስንፈልገው ያው የምንፈራው ነው፤ ፎቶ የለ፣ ስሙ አንድ ነጥብ። "ብሎክ አድርጊው" አለችኝ፣ ልብስ ማጠፏን እንኳ ሳታቆም። ልክ ነበረች። በእኔም ስልክ ላይ ነጥብ ሆኖ ቢመጣ ኖሮ አንድ ደቂቃ አልቆይም ነበር። ግን አባዬን ብሎክ ማድረግ? ሞክሬያለሁ። ጣቴን እዚያ ድረስ አድርሼዋለሁ። "አባዬን ማገድ ይፈልጋሉ?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አልፈልግም አልኩ።

በማግሥቱ ቀን ላይ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ጁስ ቤት በር ላይ እንድንገናኝ ቀጠርኩት። ሕጉን አላፈረስኩም፤ ሰውየውን አያለሁ፣ ገንዘቡ አካውንቴ ውስጥ መግባቱን አያለሁ፣ ከዚያ ዕቃው። የረሳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቻናሌ ላይ ከስልኬ ቁጥር ሥር "ካልተነሳ" ብዬ የእናቴን ቁጥር ጽፌያለሁ። ባትሪዬ ስለሚከዳኝ ድሮ የጻፍኩት ነው፤ ከዓይኔ ሥር ስለሆነ አላየውም ነበር። እናቴ ቤት ብቻዋን ናት። የሚያሳስበኝ እሷ ናት፤ ቤት የማላሳየውም በእሷ ምክንያት ነው። ከአባቴ ቀብር ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር አትወጣም፤ ያንን የብረት በርም ከትንሿ መግቢያ በቀር ከፍታው አታውቅም።

ጁስ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። የአቮካዶ ጁስ አዝዤ ሳልጠጣው ላዩ ጠቆረ። አውቶቡሶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ረዳቶች "አሰላ! አሰላ!" እያሉ ይጮሃሉ። "እየመጣሁ ነው" ብሎ ነበር ጠዋት። ፒካፕ መኪና ባየሁ ቁጥር ቀና እላለሁ። የምጠብቀው ማንን እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው፤ ምክንያቱም ከእያንዳንዱ ፒካፕ የሚወርደውን ሰው ትከሻ ነበር የማየው፣ አንዱ እንደ አባቴ ሰፋ ያለ እንደሆነ። ራሴን ታዘብኩት። ጅል፣ አልኩ።

ብዙ ከቆየሁ በኋላ "የት ነህ?" ብዬ ጻፍኩ።

አነበበው። "አባዬ እየጻፈ ነው" አለ።

"ቤት ነኝ።"

ደወልኩለት፤ አያነሳም። እናቴ ጋ ደወልኩ፤ አታነሳም። ከዚያ በኋላ እንዴት ባጃጅ ውስጥ እንደገባሁ አላስታውስም። ባለ ባጃጁ መጀመሪያ "አካም ጅርታ፣ እህቴ" ብሎ ሊጫወት ነበር፤ ፊቴን በመስታወት ሲያየው ጨዋታውን ትቶ ነዳ። እኔ የማስበው የእናቴን አንገት ነበር። ቀጭን አንገት አላት። ሌባ ፍሪጁን ወስዶ ቢሄድ መርቄ እሸኘው ነበር፤ ብቻ እሷን አይንካት።

ሰፈራችን ጥግ ላይ ስንታጠፍ በሩን አየሁት። ሁለቱም ክንፍ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በድንጋይም ተደግፏል። ባለ ባጃጁን ከፈልኩት አልከፈልኩት አላውቅም። ግቢው ውስጥ የመኪና ጎማ ዱካ አለ፣ አቧራው ላይ ትኩስ። ሳሎን ገባሁ። ፍሪጁ የለም። ፍሪጁ የነበረበት ቦታ ላይ ሲሚንቶው ነጥቷል፤ እናቴ ጎንበስ ብላ እሷን ነጭ ቦታ በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች ነው። ነጠላዋን አጣፍታለች። ደህና ናት። በሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታለከልኪው?" አለችኝ።

"ማነው የመጣው?"

"ፍሪጁን የገዛው።"

"ቤቱን ማን አሳየው?"

"እኔ።" ጨርቁን ጨመቀችው። "ደወለልኝ። አባትሽ መጣብኝ፣ ስልኩ ላይ። በዚያ ሳቁ። አነሳሁት። 'ሞጆ ነኝ፤ መጣሁ' አለኝ።"

ከሞጆ የሚመጣ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? ማንም ይለዋል። ይህን ልነግራት ነበር አፌን የከፈትኩት፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እማዬ፣ አባዬኮ..."

"ሞቷል!" አለች፣ በቁጣ። "እኔን ነው የምትነግሪኝ? አጥቤ የገነዝኩት እኔ ነኝ። ድምፁም ድምፁ አልነበረም። ቀጭን፣ የልጅ ድምፅ። ሁሉንም አውቃለሁ። አብጃለሁ ብለሽ እንዳታስቢ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ በሩን ከፈትኩ" አለች። "ምን ላድርግ? ሞጆ ነኝ ሲለኝ እግሬ ሄደ። ከፍቼ ድንጋዩን ካስጠጋሁ በኋላ ነው 'እናቴ፣ ቤቱ በየት በኩል ነው?' ብሎ መልሶ የደወለው። ነገርኩት።"

ሰውየው ከሁለት ተሸካሚዎች ጋር መጣ። ጨዋ ነበር አለች፤ እርስዎ ይላታል፣ ጫማውን በር ላይ አራገፈ። ፍሪጁን ካስጫነ በኋላ ስልኩ ላይ "ተልኳል" የሚል መልእክት አሳያት። የባንክ አካውንቱ የጋራችን ነው፤ እሷንም እንዴት እንደሚታይ አስተምሬያታለሁ።

"ከፍተሽ አላየሽም?"

"አየሁ። ምንም አልገባም። ኔትወርክ ነው አለኝ። አዎ፣ ኔትወርክ ይሆናል አልኩት።"

"ሌባ መሆኑን እያወቅሽ?!"

ቀና ብላ አየችኝ። "በሩ ላይ ቆሜ ነበርኮ" አለች። "መኪናው ሲገባ ያው አቧራ፣ ያው የፍሬን ድምፅ። ይዞ የሚሄደው ደግሞ እሱ ያመጣውን ነው። ልጄ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መጣሁ ያለኝ ሰው የለም።"

ተናደድኩ። በጣም ተናደድኩ፤ የሰፈር ሰው ይሰማል ሳልል ጮህኩባት። ግን እየጮህኩም ሌላ ነገር ተሰማኝ፣ ለመናገር የሚያሳፍር። ቀናሁባት። ለእኔ "ዋጋው እሺ" እያለ የሚጽፍ አባት፣ ለእሷ ሞጆ ነኝ፣ መጣሁ አለ።

ውጭ ነፋሱ የተከፈተውን በር በድንጋዩ ላይ ያንቀጫቅጨዋል። ተነስቼ ልዘጋው ስል ስልኬ ጠራ፤ ሁለታችንም ዘለልን። የቦንዳዋ ጓደኛዬ ናት።

"ያ ነጥብ ምን አደረገሽ?" አለችኝ። ነገርኳት። "አላልኩሽም!" አላለችም፤ ለዚህ እወዳታለሁ። "ቁጥሩን አሁኑኑ አውጪው" አለች። "ሞጆ ያለችው ልብስ ሰፊዋ፣ ግሩፑ ውስጥ ያለችው፣ አንዱ ነጥብ የስፌት መኪናዋን ሊገዛ መንገድ ላይ ነው። ባቱ ልብስ ስፌት ቤት ልከፍት ነው ብሏታል። ደውሎላት ስለነበር ቁጥሩን ይዛለች፤ ካወጣሽው ታመሳክረዋለች። ሴትየዋ ከዚያች መኪና ሌላ የምትበላበት የላትም፤ የምትሸጣት በገንዘቡ ትልቅ የስፌት መኪና ገዝታ ልትተካት ነው።"

ስልኩን ዘጋሁ። እናቴ ሰምታለች፤ የጓደኛዬ ድምፅ ግድግዳ ያልፋል።

"ካወጣሽው ምን ይሆናል?" አለችኝ።

"ሰውየው ሲሙን ይጥለዋል። የተነቃበት ቁጥር አይጠቅመውም።"

"አይጠራም ማለት ነው?"

"አይጠራም።"

ጨርቁን ባልዲው ላይ አንጠለጠለችው። የዚያን ጊዜ ነበር የገባኝ፤ ትናንት ቀትር ላይ ከመጣው መልእክት ጀምሮ እኔም ስፈራ የነበረው ይሄንኑ ነው። ሌባው አልነበረም ጣቴን የያዘው። ቁጥሩ እንደገና እንዳይሞት ነበር።

"ልጆች አሏት፣ ያቺ ሴት?" አለች እናቴ።

"እኔ እንጃ።"

"ቢኖራትም ባይኖራትም" አለች ለራሷ። ከዚያ ስልኳን ከመደርደሪያው አነሳችና ጓሮ ወጣች። በመስኮቱ አያታለሁ፤ የልብስ ማስጫ ሽቦው ሥር ቆማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች፣ ነፋሱ ነጠላዋን ከላይዋ ሊነጥቃት ይታገላል። ስትመለስ ፊቷ ልክ የደሞዝ ተራ ይዛ የቆየች ሰው ፊት ነበር፤ የደከመች፣ ግን ተራዋን የጨረሰች።

"ይጠራል" አለችኝ። "አያነሳም። በይ አውጪው።"

ቁጥሩን ከስልኬ መገልበጥ አላስፈለገኝም። ልጅ ሆኜ ገበያ ውስጥ ብጠፋ ለሰው እንድነግር እሷው ራሷ ናት በዜማ ያስጠናችኝ፤ እስከ ዛሬ ከራሴ ቁጥር ይልቅ እሱን ነው በቃሌ የማውቀው። በዚያው ዜማ ጻፍኩት። ከሥሩ "ይህ ቁጥር ሌባ ነው፤ እህቶች ተጠንቀቁ" አልኩና ላክሁት። ለሌሎቹ ተራ ቁጥር ነው። ዛሬ የታወቀ፣ ነገ የሚረሳ።

እርግማኑ ወዲያው መዝነብ ጀመረ። "ይድፋው።" "እጁ ይቆረጥ።" "የወለደው አይደሰትበት።" አንዷ አንዷን እየተከተለች፣ ሁሉም በአባቴ ቁጥር ሥር። ልመልስላቸው አልችልም፤ ልክ ናቸው። እናቴ "ምን ይላሉ?" ብላ ጠየቀችኝ፣ "እያመሰገኑ ነው" አልኳት። አላመነችኝም፤ መነጽሯን ግን አላደረገችም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሞጆዋ ልብስ ሰፊ ጻፈችልኝ። ይሄንን ጮክ ብዬ አነበብኩት። "እህቴ፣ ያው ቁጥር ነው። በር ላይ ደርሶ ነበር፤ አልከፈትኩለትም። መኪናዬ እዚሁ ናት። የሞቱብሽን ነፍስ ይማርልሽ።"

"አሜን" አለች እናቴ።

ከዚያ ስልኳን ዘረጋችልኝ። አባቴ በእንፋሎቱ መሃል ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል።

"ቁጥሩን ከእኔ ስልክ ላይ አጥፊልኝ" አለችኝ። "ፎቶውን እንዳትነኪው ብቻ።"

ቁጥሩን መረጥኩና ማጥፊያውን ነካሁ። ስልኩ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። እኔ እንደ ልማዴ ቆምኩ፤ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ከትከሻዬ በላይ አንብባው፣ "አዎ በይው" አለች።